የጠርሙሱ ፊትና ጀርባ

(አዲስ አበባ ውስጥ ለባሪስታዎችና ለባርማኖች በተዘጋጀ ምሽት ላይ ያቀረብኩት ንግግር ነው። ሲጻፍ ድግግሞሹን ቀንሻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ጠርሙስ አለ፤ እስክጨርስ ድረስ ማንም እንዳይነካብኝ። አንደኛው ካሉዋ ነው፣ የሜክሲኮ። ሁለተኛው ቲያ ማሪያ፣ ጃማይካ ተወልዶ ዛሬ በጣሊያኖች እጅ ያለ። ሦስተኛው ስም የለውም። የማር ጠርሙስ ውስጥ የምታዩት ጥቁር ነገር እኔ ቤቴ ያዘጋጀሁት ነው። እሱን መጨረሻ ላይ ትቀምሱታላችሁ፣ እኔም ፊታችሁን አያለሁ።

ሦስቱም ዘመዳሞች ናቸው፤ ኮፊ ሊከር ይባላሉ፣ ጣፋጭ የቡና አልኮል መጠጥ ማለት ነው። ቡና አለባቸው፣ ስኳር አለባቸው፣ ከሸንኮራ አገዳ የወጣ አልኮል አለባቸው። ብዙዎቻችሁ በየምሽቱ ትቀዱታላችሁ። ደንበኛው ግን «ይሄ ነገር ከየት መጣ?» ብሎ ቢጠይቃችሁ የምትነግሩት ጠርሙሱ ፊት ላይ የተጻፈውን ነው። ፊቱ ላይ የተጻፈው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተረት ነው። እኔ ዛሬ የምላችሁ ይህን ነው፦ መጠጡ ራሱን ሊያስመስል እንደሚሞክረው ያረጀ አይደለም፤ ካሉዋ ዘጠና ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። ያረጀው ውስጡ የገቡት ተክሎች የመጡበት መንገድ ነው። ያንን መንገድ ደግሞ መለያው አይነግራችሁም።

ከቲያ ማሪያ ልጀምር፣ ተረቱ እሱ ላይ ያምራልና። አንዲት የስፔን ባላባት ልጅ በጃማይካ ጦርነት ይደርስባታል። ቤት ንብረቷን ጥላ ስትሸሽ ታማኝ ሞግዚቷ አብራት ትወጣለች። ሞግዚቷ ከዚያ ሁሉ ሀብት ያተረፈችው አንዲት ትንሽ ሣጥን ነው፤ ውስጧ ጌጥና የቤተሰቡ የቡና መጠጥ አዘገጃጀት አለ። ልጅቷም ውለታዋን ላለመርሳት መጠጡን በሞግዚቷ ስም ጠራችው፣ «አክስት ማሪያ» ብላ። ደስ ይላል አይደል? እኔም መጀመሪያ ስሰማው ደስ ብሎኝ ነበር።

ታሪኩ በተለያየ መልክ ይነገራል። እስቲ በጃማይካ ታሪክ እንመዝነው። እንግሊዞች ጃማይካን ከስፔኖች የነጠቁት በ1655 ነው። የስፔን ባላባት ከጃማይካ የሚሸሸው ያኔ መሆን አለበት። ቡና ጃማይካ የደረሰው ግን በ1728 ነው፤ ቀድሞ የደሴቲቱ ገዢ የነበረው ሰር ኒኮላስ ሎውስ ከማርቲኒክ ችግኝ አስመጥቶ ተከለ። መሃሉ ሰባ ሦስት ዓመት ነው። ሞግዚቷ በዚያች ሣጥን የያዘችው በደሴቲቱ ገና ያልተተከለ ቡና መጠጥ ነበር ማለት ነው።

እውነተኛው ጅማሬ ቀለል ያለ ነው። በ1940ዎቹ ዶክተር ኬኔት ሊ ኢቫንስ የሚባል ሰው በጃማይካ ሩም (የአገዳ አረቄ) እና በደሴቲቱ ብሉ ማውንቴን ቡና መጠጡን አዘጋጅቶ ለገበያ አቀረበው። ሣጥንም ሞግዚትም የለም። የጦርነቱ ዓመታት ነበሩ፣ ደሴቲቱ ሩምም ቡናም ነበራት፣ አንድ ሰው ሁለቱን አገናኘ። ለእኔ ይህ ራሱ በቂ ታሪክ ነው። ለሻጭ ግን አይበቃውም።

ስስቅ አያችሁኝ እንጂ እኛም ከዚህ ነፃ አይደለንም። ካልዲንና ፍየሎቹን የማያውቅ ባሪስታ እዚህ አለ? (ማንም እጅ አላወጣም።) ፍየል ጠባቂው፣ ቀዩ ፍሬ፣ የሚዘሉት ፍየሎች፣ መነኮሳቱ። የዚህ ተረት ጽሑፍ የተገኘው አገራችን ውስጥ እንዳይመስላችሁ፤ በ1671 ሮም ላይ በላቲን ታትሞ ነው፣ የጻፈው ናይሮን የሚባል ማሮናዊ (የሊባኖስ ምሥራቃዊ ካቶሊክ) ሊቅ ነው። እሱም ቢሆን እረኛውን ካልዲ ብሎ አልጠራውም፣ ነገሩንም ያደረገው የመን ላይ ነው። ስሙም አገሩም በኋላ የተጨመረ ነው። እኛ ግን ካፌ ከፍተን ካልዲ እንላለን፣ ከረጢቱ ላይ ፍየል እንስላለን። በቲያ ማሪያ ሞግዚት ላይ የሚፈርድ ሰው ፍየሎቹንም ያስታውስ።

አሁን ወደ ካሉዋ። ካሉዋ የተሠራው በ1936 በሜክሲኮ፣ በቬራክሩዝ ነው፤ አምራቹ ፔድሮ ዶሜክ። ድርጅቱ ራሱ የሚተርከው የአራት ሰዎች ታሪክ ነው፦ ሐሳቡ የብላንኮ፣ ቡናው የአልቫሬዝ ወንድማማቾች፣ ቅመራው ደግሞ ሞንታልቮ ላራ የሚባል ኬሚስት። ይህኛው ተረት ሳይሆን ሥራ ይመስላል፤ ነጋዴ፣ ገበሬና ኬሚስት። ተረቱ የገባው በስሙ በኩል ነው።

ስሙ ሁለት አባት አለው። አንዱ ወገን «ካሉዋ» ናዋትል ከሚባለው የሜክሲኮ ነባር ቋንቋ የመጣ ነው፣ «የአኮልዋ ሕዝብ ቤት» ማለት ነው ይላል። አኮልዋዎች እውነተኛ ሕዝብ ናቸው፤ ከስፔኖች በፊት ትልቅ መንግሥት ነበራቸው። ከተማቸው ግን ቴሽኮኮ ነው፣ ዛሬ ከሜክሲኮ ሲቲ በስተምሥራቅ፣ ደጋ ላይ። ከቬራክሩዝ የባሕር ዳር ቆላ የት ለየት። ሌላው ወገን ደግሞ ቃሉ ከዓረብኛው «ቀህዋ» ነው ይላል። የድሮውን መለያ ካያችሁት ይህ ሐሳብ ከየት እንደመጣ ይገባችኋል፤ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ ሜክሲኳዊ፣ የተቀመጠው ግን በሙሮች (በድሮ የስፔንና የሰሜን አፍሪካ ሙስሊሞች) ዓይነት ቅስት ሥር። ባርኔጣው ለሜክሲኮ፣ ቅስቱ ለዓረብ። ሁለቱንም አባት አንድ ወረቀት ላይ አስቀምጠውለታል።

ልፍረድ ብትሉኝ ወደ ዓረብኛው አደላለሁ፣ ምክንያቴ ግን የቋንቋ ሊቅነት አይደለም፤ ነገሩ ስለሚያስቀኝ ነው። «ቀህዋ» በድሮ የዓረብ ግጥም ውስጥ ቡና ማለት አልነበረም፤ የወይን ጠጅ ማለት ነበር። የየመን ሱፊዎች በአሥራ አምስተኛው መቶ ዘመን ሌሊቱን በዚክር ነቅተው ለማደር ቡና መጠጣት ሲጀምሩ ስሙ ከወይኑ ወደ ቡናው ዞረ። ፍሬውን ግን «ቡን» ይሉታል፣ እኛ ጋ የሚቀርብ ነው። እንግዲህ ቡና ላይ አልኮል ጨምሮ «ቀህዋ» ብሎ መሸጥ ቃሉን ወደ አሮጌ ቤቱ መመለስ ነው። ባለ ጠርሙሶቹ ይህን አስበውት እንደሆነ እንጃ።

ወደ ተክሎቹ ልሂድ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፣ የምሽቱ ሥጋ ያለው እዚህ ነው።

ቡናውን ታውቁታላችሁ። ዐረቢካ የሚሉት ስሙ ብቻ ነው የዓረብ፤ ደኑ የኛ ነው፣ ካፋና አካባቢው፣ ደቡብ ምዕራብ። የመን ተሻግሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በእርሻ መልክ በብዛት ተተከለ። ደቾች ወደ ጃቫ ወሰዱት። ከጃቫ አንዲት ተክል በ1706 አምስተርዳም የዕፅዋት ቦታ ገባች። በ1714 የአምስተርዳም ከንቲባ የዚያን ተክል ልጅ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ አሥራ አራተኛው ስጦታ ሰጠ። ከፓሪስ ደግሞ ገብርኤል ደ ክሊዩ የሚባል መኮንን በ1720ዎቹ መጀመሪያ ችግኝ ይዞ ወደ ማርቲኒክ ተጓዘ። ራሱ እንደጻፈው በመርከቡ ላይ ውኃ ሲያጥር የራሱን ድርሻ ከችግኙ ጋር ተካፍሎ ነው ያደረሰው። ምስክሩ እሱው ራሱ ነው፤ ከማርቲኒክ ግን ጃማይካ እንደደረሰ ቅድም ነግሬያችኋለሁ። ብሉ ማውንቴን የሚባለው፣ ዓለም በውድ ዋጋ የሚገዛው ቡና፣ የዚያች የአምስተርዳም ተክል የልጅ ልጅ ነው። ብሉ ማውንቴን ሊከር ስትቀዱ በየመን፣ በጃቫ፣ በአምስተርዳም፣ በፓሪስና በማርቲኒክ ዞሮ የመጣ ዘመዳችሁን ነው የምትቀዱት።

ሸንኮራ አገዳው ደግሞ በሌላ መንገድ ነው የመጣው። መነሻው ኒው ጊኒ ነው፤ በሕንድ፣ በዓረቦች በኩል ሜዲትራኒያን ደረሰ፣ ኮሎምበስ በ1493 በሁለተኛ ጉዞው ወደ ካሪቢያን ወሰደው። ኮርቴስ በ1520ዎቹ ቬራክሩዝ ውስጥ፣ ቱሽትላ ላይ፣ የስኳር መፍጫ አቋቋመ። ልብ በሉ፣ ቡና ቬራክሩዝ የገባው በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ነው፤ አገዳው ከቡናው ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ቀድሞ ደርሶ ጠበቀው።

ሩም እንዴት እንደሚወጣ ለናንተ ማስረዳት ቀላል ነው። ወንጂ ወይም መተሐራ ያየ ሰው ሞላሰስ ምን እንደሆነ ያውቃል። የአገዳው ጭማቂ ተቀቅሎ ስኳሩ ሲፈልቅ የሚቀረው ጥቁር፣ ዝልግልግ፣ መዓዛው ከባድ ነገር። ለረጅም ጊዜ ለከብት የሚሰጥ ወይም የሚደፋ ነበር። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን በባርቤዶስና በጎረቤቶቿ ሞላሰሱን በውኃ አቅጥኖ፣ አብላልቶ አረቄ ማውጣት ተጀመረ። የአገራችን እናቶች ጥንስሱን በጋንና በመቃ ሲያወጡ እንደሚያደርጉት ነው፤ እንፋሎቱ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይንጠባጠባል። አንዴ ሲወጣ ደካማ ነው፤ ሁለተኛ ሲወጣ «ዳግም» ይሆናል። የካሪቢያን ሰው የሠራውም ዳግም ነው፣ በሞላሰስ። እንግሊዞች መጀመሪያ ያወጡለት ስም «ሰይጣን ገዳይ» ነበር። ይህ ስም የዛሬ ጠርሙስ ላይ ቢወጣ ገዢ አያጣም።

እኛም አገር ሞላሰስ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም፤ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኤታኖል ያወጣበታል። ነዳጅም ይሆናል፣ መጠጥም ይሆናል፤ ልዩነቱ የሚነጠርበት መንገድና የሚያርፍበት በርሜል ነው።

ቬራክሩዝ ውስጥ ግን ሩም ለመሥራት ከቴክኒክ ይልቅ ሕግ ነበር የሚያስቸግረው። የስፔን ንጉሥ ወይንና ብራንዲ ከስፔን እየጫነ ለቅኝ ግዛቱ ይሸጥ ስለነበር፣ ሜክሲኮ ውስጥ ከአገዳ አረቄ ማውጣትን ከለከለ። ሰዉ ምን አደረገ? የእኛ ሰው ያደርግ የነበረውን፤ ጫካ ገብቶ አወጣ። ስሙን «ቺንጊሪቶ» አሉት። ብዙ ዘመን በድብቅ ሲጠጣ ኖሮ በ1796 ተፈቀደ። እንግዲህ ቡናው ቬራክሩዝ እግሩን በተከለበትና አረቄው ከጫካ በወጣበት መካከል ብዙ ርቀት የለም። ሁለቱ በአደባባይ የተገናኙት አንድ ሰሞን ነው።

ያ አካባቢ ስሙ ኮርዶባ ነው። ስለ ኮርዶባ አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ብቀር ራሴን አልወደውም። የስኳር እርሻው ጉልበት ከየት መጣ? ከአፍሪካ በባርነት ከተጋዙ ሰዎች። በ1570 ገደማ ያንጋ የሚባል አፍሪካዊ ከባርነት አምልጦ ተከታዮቹን ይዞ ከኮርዶባ አጠገብ ተራራ ላይ ሸፈተ። አርባ ዓመት ያህል ከስፔኖች መንገድ ላይ ጭነት እየመታ ኖረ። በ1609 ጦር ተላከበት፣ ሊያጠፉት አልቻሉም። መጨረሻ ላይ ተደራድረው ነፃ መንደር ተፈቀደለት፤ ያ መንደር ዛሬ ያንጋ የምትባል ከተማ ነው። ኮርዶባ ራሷ በ1618 ስትቆረቆር አንዱ ዓላማዋ መንገዱን ከእነዚህ ሽፍቶች መጠበቅ ነበር። ካሉዋ ጠርሙስ ላይ ለአኮልዋዎች ቦታ ተገኝቷል፣ ለቅስቱም ተገኝቷል። ለያንጋ አልተገኘም። እኔ መለያ የምስል ሰው ብሆን ከባርኔጣው ሰውዬ ይልቅ እሱን እስል ነበር።

ሦስተኛው ተክል ቫኒላ ነው። ሁለቱንም ጠርሙስ ስታሸቱ ከቡናው ኋላ የሚመጣላችሁ ለስላሳ ሽታ። የቫኒላ አገሩ እዚያው ቬራክሩዝ ነው፤ ፓፓንትላ አካባቢ የቶቶናክ ሕዝብ ሲንከባከበው የኖረ ነው። አውሮፓውያን ወስደው በሌላ አገር ተከሉት፣ አድጎ አበበ፣ ግን ፍሬ አልሰጥ አለ፤ በአበባው ላይ የሚሠራለት የአገሩ ነፍሳት አልነበረምና። መላውን ያገኘው በ1841 በሬዩኒየን ደሴት የነበረ ኤድሞንድ አልቢየስ የሚባል ልጅ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ባሪያ። በቀጭን ስንጥርና በአውራ ጣቱ አበባውን ማዳቀል ቻለ። በዚያች የእጅ ዘዴ ሬዩኒየን፣ ቀጥሎም ማዳጋስካር የቫኒላ አገር ሆኑ። እሱ በ1848 ባርነቱ ሲነሣ ነፃ ወጣ፣ ሀብት ግን አላየም፤ በድህነት ሞተ። አሁን ቲያ ማሪያን የሚሠሩት ሰዎች የማዳጋስካር ቫኒላ እናስገባበታለን ይላሉ። የቬራክሩዝ ተክል ሕንድ ውቅያኖስ ሄዶ፣ የሕንድ ውቅያኖስ ጎረቤት የሆነው የኛ ቡና ቬራክሩዝ ሄዶ፣ ሁለቱ በስኳር ጠርሙስ ውስጥ ተገናኙ።

ወደ ባሩ እንመለስ። ካሉዋን ሜክሲኮ ውስጥ ብቻ ቢተዉት ዛሬ እዚህ አናወራበትም ነበር። ጁልስ በርማን የሚባል ነጋዴ ወደ አሜሪካ ማስገባት ጀመረ። «ሚስተር ካሉዋ» እስኪባል ድረስ ሠራበት። ከስፔኖች በፊት የነበሩ የሜክሲኮ የጥንት ቅርጻ ቅርጾች ይሰበስብ ነበር፤ ማስታወቂያዎቹንም በእነሱ ሞላቸው። ገና ትናንት የተወለደው መጠጥ ከጥንት ሐውልት አጠገብ ቆሞ ፎቶ ተነሣ። ይህን ካወቃችሁ «የጥንት መንፈስ» የሚለው ነገር ከየት እንደመጣ ይገባችኋል።

ከዚያ ኮክቴሎቹ መጡ። በ1949 ብራሰልስ፣ ሜትሮፖል ሆቴል፣ ጉስታቭ ቶፕስ የሚባል ቤልጅጋዊ ባርማን ብላክ ረሺያንን ሠራ፤ አምስት እጅ ቮድካ፣ ሁለት እጅ ኮፊ ሊከር። የሠራላት ፐርል ሜስታ ናት፣ በሉክሰምበርግ የአሜሪካ አምባሳደር፣ ግብዣ በማዘጋጀት ስሟ የገነነ ሴት። ቀዝቃዛው ጦርነት ገና እየጀመረ ስለነበር ቮድካው ሩሲያዊ፣ ቀለሙ ጥቁር፣ ስሙ ተገኘ። በ1960ዎቹ ክሬም ታከለበትና ነጭ ሆነ። በ1980ዎቹ ደግሞ ለንደን፣ ሶሆ ውስጥ፣ ዲክ ብራድሴል ቮድካ፣ ትኩስ ኤስፕሬሶና ኮፊ ሊከር አንድ ላይ መታ፤ ዛሬ ኤስፕሬሶ ማርቲኒ የምንለው።

ባሪስታዎች፣ ይህ የመጨረሻው የናንተ ነው። ላዩ ላይ የምትቆመው ወፍራም አረፋ ከሊከሩ አይደለም የምትመጣው፤ ከኤስፕሬሶው ክሬማ ነው። ቡናው አሥር ደቂቃ ከቆየ አረፋው ይሞታል። ባርማኑ ኤስፕሬሶውን አስቀድሞ ስድስት ሲኒ አስወጥቶ ባንኮኒ ላይ ሲደረድር ያየ ባሪስታ ዝም እንዳይል።

አሁን ጠርሙሱን አዙሩት። ጀርባው ላይ ያለች አንዲት ቁጥር ብዙ ትናገራለች። ካሉዋ ድሮ ከመቶ 26.5 አልኮል ነበረው። በ2004 ወደ 20 ወረደ። በ2021 ደግሞ ወደ 16። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ሊከር ለመባል ቢያንስ ከመቶ 15 አልኮልና በሊትር 100 ግራም ስኳር ያስፈልጋል። 16 ማለት ከበሩ አንድ እርምጃ ማለት ነው። ቲያ ማሪያም ቢሆን ዱሮ ከዛሬው 20 የበለጠ ጠንካራ ነበር። ሻጩ «ሰው ቀለል ያለ ይወዳል» ይላል። ሊሆን ይችላል። አልኮል ከጠርሙሱ ውስጥ ካሉት ውድ ነገሮች አንዱ መሆኑንና ግብሩም በብዙ አገር በአልኮሉ ልክ መሆኑን ግን እኔ እጨምርበታለሁ። ለናንተ ሥራ ትርጉሙ ይህ ነው፦ በድሮ መጽሐፍ ላይ ያገኛችሁትን ልኬት በዛሬው ጠርሙስ ከሠራችሁት መጠጡ ይጣፍጣል እንጂ አይቆምም። ቮድካውን ትንሽ ከፍ አድርጉት።

ባለቤትነቱም ጀርባው ላይ ነው። የዶሜክ ድርጅት በ1994 ከእንግሊዙ አላይድ ላዮንስ ጋር ተዋሐደ፣ በ2005 ፔርኖ ሪካር የሚባለው የፈረንሳይ ድርጅት አብዛኛውን ገዛው። ካሉዋና ቲያ ማሪያ ለዓመታት በአንድ ቤት ነበሩ ማለት ነው። በ2009 ፔርኖ ሪካር ቲያ ማሪያን ለጣሊያኑ ኢልቫ ሳሮኖ ሸጠ። አክስት ማሪያ ሁለተኛ ተሰደደች፣ በዚህኛው ግን ሣጥን አልያዘችም።

ስለ ማር ጠርሙሱ ልንገራችሁና ልጨርስ። አሠራሩ ላይ የሚከብድ ነገር የለም፤ የሚያጠፋው ትዕግሥት ማጣትና ትዕግሥት ማብዛት ነው። አልኮል ውኃ የማያወጣውን የቡና ዘይትና ሽታ ያወጣል። ስለዚህ ነው ሊከሩ ውስጥ ያለው ቡና ሲኒ ውስጥ ካለው የተለየ ሆኖ የሚሸተው። ግን አልኮሉ ምርጫ አያውቅም፤ ሽታውን ሲጨርስ ምሬቱንና እንጨት እንጨት የሚለውን ያወጣል። መጀመሪያ የሠራሁትን ሳምንት ሙሉ አስቀመጥኩት። «በቆየ ቁጥር ይጠነክራል» ብዬ። ያ ሊከር አልነበረም፣ የመድኃኒት ጠርሙስ ነበር፤ አንድ ሊትር ሩም ደፋሁ።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። ግማሽ ሊትር ከመቶ 40 የሆነ ሩም ውስጥ መቶ ግራም ጠና ብሎ የተቆላ፣ ሸካራ የተፈጨ ቡና፤ አንድ ቀንና ሌሊት ብቻ። ከዚያ ማጥለል፣ ሁለት ጊዜ። ለብቻው ደግሞ በቀዝቃዛ ውኃ ሌሊቱን ያደረ ቡና፤ በፈላ ውኃ አይደለም፣ የፈላ ቡና ቆይቶ ይጎመዝዛል። እሱ ላይ ስኳር አሟሙቼ ግማሽ ሊትር ያህል ሽሮፕ አደርጋለሁ። ሁለቱ ሲገናኙ አልኮሉ ወደ ከመቶ 20 ይወርዳል፤ ቡናው የጠጣውን ሩም ካሰባችሁ ትንሽ ያንሳል። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ያርፋል። ቡናው ፀሐይ ላይ ከነገለባው የደረቀ ቢሆን እመርጣለሁ፤ የሐረርን ሞክሬያለሁ፣ የጉጂንም። ያ የፍሬ ሽታው ሩሙን አይፈራውም። የታጠበ ይርጋጨፌ ላይ ግን አዘንኩ፤ ያ የአበባ ሽታው ስኳሩ ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

ጥያቄ ካለ።

(ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። አረቄ በማውጣት ልጆቻቸውን እንዳሳደጉ፣ አሁን የመጡት ባርማን ልጃቸውን ሊያዩ እንደሆነ ነገሩን። «የኔ ልጅ፣ ዳግሙ ላይ ቡና ቢገባበትስ?» አሉኝ።)

እማማ፣ ይገባበታል። ሩም አይባልም፤ ሩም ከአገዳ ነው፣ የእርስዎ ከእህልና ከጌሾ። ቡናውን ግን ዳግሙ ከሩሙ ይልቅ ፈጥኖ ያወጣዋል፣ ጠንካራ ስለሆነ። ሌሊቱን እንዳያሳድሩት፤ ከጧት እስከ ማታ ይበቃዋል። ስኳሩንም ከዚህ ይቀንሱ።

(ከዚያ ቅምሻ ሆነ። እማማን አስቀደምናቸው። ካሉዋውን ቀምሰው «ይሄ የልጆች ነው» አሉ። ቲያ ማሪያውን ቀምሰው ትንሽ ዝም አሉና «ሽታው መልካም፣ ቡናው የት አለ?» አሉ። የማር ጠርሙሱን ከቀመሱ በኋላ ብርጭቆውን ወደ እኔ ዘረጉ። «አቦሉ ይሄ ነው፤ ቶናውን አምጣ።»)